ኮዳችንና ፕሮክሲ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቀን ከተማ ቢሮ፣ ማታ ቤቱ ሆኖ ኮድ የሚጽፍ ወጣት ብዙ ነው። ቢሮ በደንብ የሠራው ኮድ ቤት ሲደርስ ቀጥ ይላል። ወዲያው «ዳር ነው ያለነው፣ ኔትወርኩ ነው» ይባላል። ብሮውዘሩ እየሠራ ኮዱ ብቻ ከቆመ ግን ኔትወርኩን ከመውቀስ በፊት ፕሮክሲውን፣ ማለትም በኮዱና በኢንተርኔቱ መሃል ሆኖ ጥያቄ የሚያስተላልፈውን ሰርቨር፣ ማየት ይሻላል።

«ኮዴ ውስጥ ፕሮክሲ አልጻፍኩም፤ ስለዚህ በቀጥታ ነው የሚወጣው።»

ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚለፋው በዚህ ነው፤ ያሳዝነኛል። ወደ ኢንተርኔት ጥያቄ የሚልከው የፓይተኑ ሪኩዌስትስ ላይብረሪ ባትነግሩትም ራሱ ፕሮክሲ ይፈልጋል። መጀመሪያ ኤችቲቲፒ ፕሮክሲ እና ኤችቲቲፒኤስ ፕሮክሲ የሚባሉትን ኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎች (ከኮዱ ውጭ ተቀምጠው ፕሮግራሞች የሚያነቧቸውን ሴቲንጎች) ያነባል። ከሌሉ ዊንዶውስ ላይ ሬጅስትሪውን (የሲስተሙን የሴቲንግ ማከማቻ)፣ ማክ ላይ የሲስተሙን ሴቲንግ ያያል። አንዲት የሰፈሬ ፕሮግራመር ያሳየችኝ ኤረር ላይ በ10 የሚጀምር አድራሻና ፖርት 8080 ነበር። እሷ አልጻፈችውም። ከቢሮ የተሰጣት ላፕቶፕ ላይ የተሞላ ነው። አድራሻው የሚገኘው በቢሮው ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ኮዱ ታይም አውት እስኪል ቆሞ ይጠብቃል።

«ፕሮክሲውን ባዶ ዲክሽነሪ ብሰጠው ይጠፋል።»

አይጠፋም። ባዶውን ከኢንቫይሮመንቱ ይሞላዋል። የሪኩዌስትስ ሴሽን ከፍታችሁ «ትረስት ኤንቭ» (ኢንቫይሮመንቱን እመን) የሚለውን ፎልስ ስታደርጉት ነው የሚተወው። ግን ልብ በሉ፤ ኔት አርሲ ፋይል ውስጥ ያስቀመጣችሁት ፓስወርድና በኢንቫይሮመንት የተጠቆመ ሰርተፊኬትም አብረው ይተዋሉ፤ አይነበቡም። ለአንድ አድራሻ ብቻ ከሆነ ስሙን «ኖ ፕሮክሲ» ቫሪያብል ውስጥ መጨመር ይበቃል።

«ሁሉም ቋንቋ እንደ ፓይተን ነው።»

አይደለም። የጎ መደበኛ ክላይንት ቫሪያብሎቹን ያነባል፤ ወደ ሎካልሆስት (ወደዚያው ኮምፒውተር ራሱ) ሲሄድ ግን ፕሮክሲ አይጠቀምም። የኖድ (የጃቫስክሪፕት ማስኬጃው) ፌች ለዓመታት ጭራሽ አያያቸውም ነበር፤ በ24ኛው ቨርዥንም ካልፈቀዳችሁለት አያይም። ከርል በሚባለው የቴርሚናል መሣሪያ ላይ ፕሮክሲውን ለመዝለል «ኖፕሮክሲ» የሚለውን ኦፕሽን ከኮከብ ምልክት ጋር ስጡት። ኮከቡን ጥቅስ ውስጥ አስገቡት፤ አለበለዚያ ሼሉ በፎልደሩ ፋይሎች ስም ይተካዋል።

«ኮርስ ከከለከለኝ ፕሮክሲ ግድ ነው።»

ኮርስ ማለት አንድ ድረ ገጽ ከሌላ አድራሻ መረጃ እንዳያነብ፣ ያ አድራሻ ካልፈቀደ በቀር፣ የሚገድብ ደንብ ነው፤ የሚያስከብረውም ብሮውዘሩ ነው። ያው ጥያቄ ከፓይተን ሲላክ ኮርስ አያግደውም። ሰርቨሩ የእናንተ ከሆነ ፈቃዱን የሚገልጸውን ሄደር እዚያው ጨምሩ። የማታውቁት ሰው ያቆመው ነፃ ፕሮክሲ ላይ የደንበኛ መረጃ አትጫኑ፤ እለምናችኋለሁ።

«የፕሮክሲውን ማጥፊያ ኮዱ ውስጥ ጽፌ ልገላገል።»

ቢሮው በፕሮክሲ ብቻ የሚያስወጣ ከሆነ ጠዋት ያው ኮድ እዚያ ይቆማል። ሊኑክስ ላይ፣ ወይም የሲስተሙ ሴቲንግ ፕሮክሲ ከሌለው ማክ ላይ፣ ቫሪያብሎቹን ቤት በከፈታችሁት ቴርሚናል ውስጥ «አንሴት» በሚለው ትእዛዝ አጥፏቸው፤ በትልቅ ፊደልም በትንሽ ፊደልም የተጻፉትን። መስኮቱ ሲዘጋ ለውጡም ያበቃል፤ የቢሮው ሴቲንግ እንዳለ ይቆያል።