ቢራድስ 3 ምንድን ነው?

የጡት አልትራሳውንድ ውጤታቸው ላይ «ቢራድስ 3» የሚል ጽሑፍ አይተው ካንሰሩ ሦስተኛ ደረጃ ደርሷል ብለው የሚደነግጡ ሴቶች በደብረ ማርቆስም በባሕር ዳርም ብዙ ናቸው። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ ስሕተት እንደ ሕክምና እውቀት አድርገው ሲያስተምሩ ስላየሁ ዝም ማለቱ ተገቢ መስሎ አልታየኝም።

ቢራድስ የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ ያወጣው፣ ከ0 እስከ 6 የሚዘልቅ የምስል ውጤት ምደባ ነው። የካንሰር ደረጃ የሚነገረው ካንሰር መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ሲሆን፣ የቢራድስ ቁጥር ግን ምስሉን ያነበበው ሐኪም ምን ያህል እንደ ጠረጠረ ብቻ ይገልጻል። ምድብ 3 ማለት እብጠቱ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ2 በመቶ አይበልጥም ማለት ነው፤ በወጣት ሴቶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ፋይብሮአዴኖማ የተባለው ጉዳት የሌለው እብጠት ሆኖ ይገኛል።

ይህ እብጠት ወሰኑን የሚያከብር ጎረቤት ነው ማለት ይቻላል፦ ቅርጹ ሞላላ፣ ዙሪያው ጥርት ያለ ነው፤ ከቆዳው ጋር ትይዩ ይጋደማል እንጂ ወደ ውስጥ አቋርጦ አይቆምም። ካንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ የተዘበራረቀ፣ ወደ አጎራባቹ ሥጋ የሚገፋ ነው። ይሁንና ወሰን ገፊ በአንድ ቀን አይታወቅም፤ በየእርሻው ወቅት አንድ ትልም እየጨመረ ነው የሚገፋው። በ6፣ በ12 እና በ24 ወር ተመልሳችሁ ታዩ የምንለው ስለዚህ ነው፤ በ6 ወር ውስጥ ርዝመቱ ከአንድ አምስተኛ በላይ ከጨመረ ናሙና ይወሰዳል። «ደህና ነው ተብያለሁ» ብሎ መቅረትም ከድንጋጤው ያላነሰ ስሕተት ነው። ስትመለሱም የቀድሞውን ምስል ይዛችሁ ኑ፤ ማነጻጸሪያ የሌለው ልኬት ማደጉን አያሳይም።

ወሰኑን አክብሮ የሚታይ ሁሉ ሰላማዊ አለመሆኑንም መናገር አለብኝ፤ ፊሎይድስ የተባለው ዕጢ ፋይብሮአዴኖማን ይመስላል፣ አንዳንድ ፈጣን ካንሰሮችም ክብና ለስላሳ ሆነው ይታያሉ። አልትራሳውንድ አንዳንዴ የካንሰር ምልክት የሚሆኑትን ጥቃቅን የካልሲየም ክምችቶች በደንብ አያሳይም፤ ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ለሆኑ ሴቶች ማሞግራም (የጡት ራጅ) የሚጨመረውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። የአልትራሳውንድ ውጤትም በመርማሪው እጅና ዓይን ላይ ይመሠረታል።

ከሞጣ ወይም ከብቸና ገጠር ለመጣች፣ በ6 ወር መመለሷ አጠራጣሪ ለሆነ ሴት ደግሞ ክትትሉን ከመጠበቅ ይልቅ ገና ከመጀመሪያው በመርፌ ናሙና መውሰድ ተገቢ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ይህን ሐኪሙ ካላነሣው ታካሚዋ ራሷ ልትጠይቅ ይገባል።