ጋርተር እባብ ምንድን ነው? ውሃ ዳር ስናየውስ በምን እንለየዋለን?

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ወገኖች፣ ሙቀቱ ሲገባ ልጆች ይዛችሁ ወንዝ ወይም ኩሬ ዳር መውጣታችሁ አይቀርም። እዚያ ሣር ውስጥ ከሚያጋጥሟችሁ እባቦች አንዱ ጋርተር ነው። ሰው ሲያየው ደንግጦ ድንጋይ ያነሳበታል። በጣም ያሳዝናል፤ ጋርተር ለሰው አደገኛ አይደለምና።

ጋርተር የሰሜንና የመካከለኛው አሜሪካ እባብ ነው። ከ30 በላይ ዝርያዎች አሉት። በእነዚህ ሁለት ግዛቶች የሚታየው የምሥራቁ ጋርተር ነው፤ ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ2016 የግዛቷ እባብ አድርጋዋለች። ሲያድግ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ውሃ ዳር የሚያመጣው ሆዱ ነው፤ እንቁራሪት፣ የምድር ትልና ትንንሽ ዓሣ ይበላል።

ዋናው መለያ መስመሩ ነው። ሦስት ቢጫማ መስመሮች ከአንገቱ ወደ ጭራው ይወርዳሉ፤ አንዱ በጀርባው መሐል፣ ሁለቱ በጎንና በጎኑ። የጀርባው መስመር የደበዘዘባቸው አሉ። ያኔ ጎኑን እዩ። በመስመሮቹ መካከል እንደ ዳማ ገበታ ጥቁር ነጠብጣብ ሊኖርም ይችላል።

የሚያሳስተው የቅርብ ዘመዱ ሪበን እባብ ነው። እሱም ሦስት መስመር አለው። ግን በጣም ቀጭን ነው፣ ጭራው የቁመቱን ሲሶ ያህላል፣ ከዓይኑ ፊት ለፊትም ነጭ ምልክት አለው። የጋርተር ከንፈር ላይ ጥቁር ጭረቶች አሉ፤ የሪበን ከንፈር ንጹሕ ነው። እርግጥ ሁለቱን ብታምታቱ ምንም ጉዳት የለውም፤ ሪበንም ሰው አይጎዳም።

የውሃ እባብ የሚባለው ደግሞ ወፍራም ነው፤ ምልክቱም በቁመት ሳይሆን በአግድም ነው። ሲይዙት ክፉኛ ይነክሳል፤ መርዝ ግን የለውም። መርዛማው ኮፐርሄድም አግድም ምልክት ነው ያለው፦ መዳብ በሚመስል ገላ ላይ ጀርባው ጋ የጠበበ፣ ጎኑ ጋ የሰፋ ቡናማ ቀለበት።

«ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ከሆነ መርዛማ ነው» የሚለውን ግን እባካችሁ ተዉት። ጋርተር ሲፈራ ጭንቅላቱን ይለጥጠዋል፤ ያኔ ቁርጥ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። በዚህ ምክንያት ስንቱ ያለጥፋቱ ይገደላል። የዓይኑን ብሌን እዩ የሚሉም አሉ። የጋርተር ብሌን ክብ፣ የኮፐርሄድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ መሆኑ እውነት ነው። ግን ያን ለማየት መጠጋት ያስፈልጋል፤ መጠጋት ደግሞ አያስፈልግም። ራቅ ብላችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አጉሉት።

ጋርተርን በእጅ ካነሱት የሚከረፋ ፈሳሽ ይለቃል፤ ሊነክስም ይችላል። ንክሻው ጭረት ነው፤ በውሃና በሳሙና ይታጠባል። የነከሳችሁን እባብ ካላወቃችሁት ግን ወዲያው 911 ደውሉ።

ይህ ሁሉ ለዚያ አካባቢ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ጋርተር የለም፤ አገር ቤት መስመር ያለው እባብ ብታዩ በዚህ መለያ አትፍረዱ።