በእጅ የሚጎተት ፕሮቲን፦ ትይዩ ስሌትና የሞለኪውል ሞዴሊንግ

ትይዩ ስሌት አንድን ከባድ ስሌት ለብዙ ፕሮሰሰሮች ከፋፍሎ በአንድ ጊዜ የማስኬድ ዘዴ ነው። በፕሮቲን ጥናት ውስጥ ተመራማሪው በስክሪኑ ላይ ያለውን ሞለኪውል በማውስ ይዞ ሲጎትት፣ ሞለኪውሉም ወዲያው ሲታጠፍ ወይም አልላቀቅ ሲል እንዲያይ ያስችለዋል።

ለጣና ዙሪያ ሰው ቅርብ የሆነው ምሳሌ ጓያ ነው። በደንቢያና በፎገራ የሚበቅለው ይህ ጥራጥሬ፣ በችግር ዘመን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ለዚህም ተጠያቂ የሚባለው ኦዳፕ የተሰኘ አሚኖ አሲድ ነው። ኦዳፕ የነርቭ መልእክት አስተላላፊ የሆነውን ግሉታሜትን መስሎ፣ በነርቭ ሴሎች ላይ መልእክቱን የሚቀበለውን አምፓ ተቀባይ የተባለ ፕሮቲን ያነቃቃል። የዚህ ፕሮቲን መያዣ ክፍል እንደ ሁለት መዳፍ የሚከፈትና የሚገጠም በመሆኑ፣ በባሕር ዳር ፔዳ ግቢ ያለ የኬሚስትሪ ተማሪ ኦዳፕን ከመዳፎቹ መካከል ስቦ ሊያወጣ ቢሞክር፣ አጥብቆ የያዘው የትኛው የፕሮቲኑ አሚኖ አሲድ እንደሆነ በዓይኑ መከታተል ይችላል።

ችግሩ የስሌቱ ብዛት ነው። የአቶሞቹ እንቅስቃሴ በአብዛኛው በ2 ፌምቶሰከንድ (የናኖሰከንድ ሚሊዮንኛ) እርምጃ ስለሚሰላ፣ 1 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) 500,000 እርምጃ ይጠይቃል፤ ከነውሃው 30,000 አቶም ባለበት ደግሞ እርስ በርስ የሚሳሳቡት ወይም የሚገፋፉት የአቶም ጥንዶች ወደ 450 ሚሊዮን ይጠጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 የኬሚስትሪ ሊቁ ማርቲን ካርፕለስና ባልደረቦቹ የ58 አሚኖ አሲዶችን ፕሮቲን በውሃ ሳይከበብ ያሰሉት ለ9.2 ፒኮሰከንድ (የናኖሰከንድ ሺኛ) ብቻ ነበር።

መፍትሔው ቦታውን በትናንሽ ሣጥኖች መክፈልና እያንዳንዱን ለአንድ ፕሮሰሰር መስጠት ነው። ከ1 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ያህል በላይ የተራራቁ አቶሞች በቀጥታ ስለማይሰሉ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ይነጋገራል፤ የሩቁ የኤሌክትሪክ ኃይል በሌላ ዘዴ ይታከላል። ደቦ የወጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ ማሳው ቢከፋፈልም ሥራው የሚያልቀው የመጨረሻው አጫጅ ሲጨርስ ነው። ፕሮሰሰሮችም በየእርምጃው የዘገየውን ይጠብቃሉ።

ሞለኪውሉን የሚጎትት የሰው እጅ ሲጨመር ዋናው ጥያቄ ምላሹ የሚዘገይበት ጊዜ ይሆናል። ኔትወርኩ በተንቀረፈፈ ቁጥር የሩቅ ሱፐርኮምፒውተር ለመጎተት አይመችም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ስሌቶችን በአንድ ጊዜ የሚሠራ የጠረጴዛ ግራፊክስ ካርድ ይሻላል። ቪኤምዲ የሚባለው ፕሮግራም ሥዕሉን ሲያሳይ፣ ናምዲ ስሌቱን ይሠራል፤ የእጁ ግፊትም በተመረጡት አቶሞች ላይ እንደ ተጨማሪ ኃይል ይደመራል። ይሁንና ሰው የሚጎትትበት ፍጥነት ከተፈጥሮው እጅግ የበለጠ ስለሆነ፣ የሚታየው መንገድ ጥቆማ እንጂ ልኬት አይደለም። የመያዣውን ጥንካሬ ለመለካት የሚያስፈልገው ረጅም ስሌት ለሩቁ ማሽን ተልኮ ሌሊቱን ሊሠራ ይችላል።