«ኮርፖሬት ገቨርናንስ» የቀበሌ መልካም አስተዳደር አይደለም

ባለፈው ሰሞን ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን አጎቴ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ጥሪ ነው። «ኮርፖሬት ገቨርናንስ» የሚለው ላይ ጣታቸውን አድርገው፣ «ይሄ የቀበሌው መልካም አስተዳደር ነው እንዴ?» አሉኝ።

«አብሽሩ፣ ሌላ ነው» አልኳቸው። ቅሬያችንን፣ የወሎውን እድር፣ አስቡት። ገንዘብ ያዡ የራሱን ሒሳብ ራሱ አይመረምርም። ሰብሳቢው ድንኳን ከወንድሙ ሱቅ ከገዛ አባላቱ ማወቅ አለባቸው። ኮርፖሬት ገቨርናንስም ይኸው ነው፤ ባለገንዘቡ ሌላ፣ ሥራ አስኪያጁ ሌላ ሲሆን ማን ማንን እንደሚቆጣጠር የሚወስን ሥርዓት።

ግራ የሚያጋባው የውጭ ድርጅቶች ሚና ነው። ኦኢሲዲ የተባለው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የኮርፖሬት ገቨርናንስ መርሆዎችን እ.ኤ.አ. በ1999 አወጣ። በ2023 ቡድን 20 የሚባሉት ትልልቅ ኢኮኖሚ ያላቸው አገሮች ያሉበት የተሻሻለ ቅጂ ወጣ። መርሆ ናቸው እንጂ ሕግ አይደሉም። የዓለም ባንክ በእነሱ እየመዘነ ታዳጊ አገሮችን ይመክራል። እህት ድርጅቱ አይኤፍሲ ደግሞ ለግል ኩባንያ ገንዘብ ከመስጠቱ በፊት ቦርዱ እንዴት እንደሚሠራ ያያል። እዚህ ላይ ምክሩ ወደ ግዴታ ይጠጋል፤ ገንዘብ አለበትና።

እኛን የሚያስገድደን ግን የራሳችን ንግድ ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013።

ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ውክልናው ነው። ቦርድ የሚመረጠውም፣ ኦዲተር የሚሾመውም በጉባኤ ድምፅ ነው። ስብሰባው አዲስ አበባ ሲሆን ከወሎ ብዙ ሰው አይሄድም፤ ሌላ ሰው ድምፅ እንዲሰጥለት ውክልና ፈርሞ ይልካል። ከአጎቴ ጥሪ ጋር ባለው የውክልና ቅጽ ላይ ፊርማቸው አለ። የተወካዩ ስም ቦታ ግን ባዶ ነበር። እስክሪብቶ ሰጠኋቸው።