ሸክላ እያዞሩ አልነበረም የሚውሉት፦ ስለ ድሮው ቢቢሲ ራዲዮ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ወጣት የራዲዮ አዘጋጆችን ሳሠለጥን በየዙሩ አንድ ሰው ተነሥቶ ይህንኑ ይነግረኛል። «ድሮ ራዲዮ መሥራት ቀላል ነበር፤ ሸክላውን ታዞራለህ፣ መሐል ላይ ዜና ታነባለህ፣ አለቀ።» ምሳሌ አምጣ ስለው የ1950ዎቹን ቢቢሲ ይጠራልኛል። ሰልችቶኛልና ዛሬ በጽሑፍ ልመልስ። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በአውሮፓውያን፣ ሰዓቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

«ቀኑን ሙሉ ሸክላ ያጫውቱ ነበር»

ቢፈልጉም አይችሉም ነበር። ቢቢሲ በሳምንት ስንት ሰዓት ሸክላ ማጫወት እንደሚችል የሚገድብ ውል ከሸክላ አሳታሚዎች ጋር ነበረው፤ ከውሉ ጀርባ ደግሞ የሙዚቀኞች ማኅበር ቆሞ ነበር። ገደቡን ሸክላው ላይ በምታርፈው መርፌ ሰይመው «የመርፌ ሰዓት» ይሉታል። አሳታሚው «በነጻ የተሰማ ሸክላ ማን ይገዛዋል?» ብሎ ይፈራል፤ ሙዚቀኛው ደግሞ አንዴ የተቀዳ ዘፈን እንጀራውን እንዳይዘጋበት ይሰጋል። ስለዚህ በ1950ዎቹ ሦስቱ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ተደምረው በሳምንት ለሸክላ የነበራቸው ጊዜ 30 ሰዓት እንኳ አይሞላም።

የቀረውን ሙዚቃ ስቱዲዮ የገባ ሰው ነው የተጫወተው። ቢቢሲ በ1930 ካቋቋመው ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሌላ በማንችስተር፣ በስኮትላንድና በዌልስ የራሱ ኦርኬስትራዎች ነበሩት፤ ለዳንስና ለቀልድ ዝግጅቶች የሚጫወቱም ለብቻ ነበሩ። ከውጭ የሚጠሩት ባንዶች ደግሞ ብዙ ናቸው።

«ሙዚክ ኋይል ዩ ወርክ» የሚባለውን ዝግጅት ተመልከቱ። በ1940 በጦርነቱ መሐል የፋብሪካ ሠራተኛው እንዳይዝል ተብሎ ተጀመረ፤ ከጦርነቱም በኋላ ረፋድ 4፡30 እና ከሰዓት 9፡45 ላይ ይተላለፍ ነበር። አንድ ባንድ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ሳያቋርጥ ይጫወታል። በዘፈኖቹ መሐል የሚናገር የለም። የሚያንቀላፋ ዜማ አይፈቀድም፤ የማሽኑ ጩኸት የሚውጠውም እንዲሁ። ጭብጨባ ያለበት አንድ የአሜሪካ ዘፈን የታገደው ሠራተኞቹ በእጃቸው ባለ መሣሪያ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ስለሚያጅቡት ነው። እስከዚህ ድረስ የታሰበበት ሥራ ነው ቀላል የሚባለው።

ባለፈው ዓመት ሠልጣኞቼን ይህንኑ አሠራኋቸው። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ፣ አንድ ማይክ፣ 30 ደቂቃ ያለ ማቋረጥ። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ የክራሩ አንድ ጅማት ላላ። ልጁ በአንድ እጁ ሊያጠብቀው ሲታገል ማሲንቆው ዜማውን ብቻውን ይዞ መቀጠል ነበረበት፤ ግን ማንም አስቀድሞ አልነገረውም፤ አብሮ ቆመ። ስቱዲዮው ጭጭ አለ። አዘጋጇ ልጅ ፊቷ ሲቀላ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእነሱ መሐል «ቀላል ነበር» ያለኝ የለም።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ግን የሚገባኝ ይመስለኛል። ጠዋት 3፡10 ላይ «ሃውስዋይቭስ ቾይስ» የሚባል፣ የቤት እመቤቶች በፖስታ ካርድ የመረጡት ሸክላ የሚሰማበት ዝግጅት ነበር። በጣም ተወዳጅ ስለነበር የሰዉ ትዝታ ውስጥ የቀረው እሱ ነው። የሚበላውም ከዚያችው ጥቂት ኮታ ነበር።

«አንድ ጣቢያ ብቻ ነበር፤ እሱም ደረቅ»

ሦስት ናቸው። በ1939 የተጀመረው ሆም ሰርቪስ፣ ከሐምሌ 1945 ጀምሮ ላይት ፕሮግራም፣ ከመስከረም 1946 ጀምሮ ደግሞ ሰርድ ፕሮግራም። ብዙ ሰው የሚያዳምጠው ላይትን ነው። የ1952ን አንድ ተራ ቀን ውሰዱ፦ ሆም ላይ ጸሎትና ለተማሪዎች የሚተላለፍ ትምህርት፤ ምሳ ሰዓት ላይ ከፋብሪካ ካፌ ቀልድና ዘፈን፤ 7፡45 ላይ በላይት «ተመቻችታችሁ ተቀምጣችኋል?» ብሎ የሚጀምር የሕፃናት ተረት፤ 8 ሰዓት ላይ እዚያው የሴቶች ሰዓት፤ ማታ 3 ሰዓት በሆም የለንደኑ ትልቅ ሰዓት የቢግ ቤን ደወልና ዜና። ሰርድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ግጥም፣ ኦፔራና የፍልስፍና ንግግር ያቀርባል። ይህ ደረቅ ከተባለ እርጥቡን አሳዩኝ።

«እንደመጣላቸው ያወሩ ነበር»

በፍጹም። ንግግሩ ተጽፎ፣ ታርሞ፣ ተለማምደውት ነው ማይክ ፊት የሚቀርበው፤ ብዙ ቃለ መጠይቅ ሳይቀር። ይህን የምላችሁ ያለ ስክሪፕት ስቱዲዮ መግባትን እንደ ችሎታ ለምትቆጥሩት ነው። ጻፉት። ከጻፋችሁት በኋላ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት፤ ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ አረፍተ ነገሩን ቁረጡት። ለዓይን የተጻፈ ወረቀት በጆሮ ሲሰማ ወዲያው ይታወቃል። የምትጋብዙትን እንግዳም ቀድማችሁ አናግሩት።

«አርቸርስ የስሜት ድራማ ብቻ ነበር»

ይህ ስለ ገበሬዎች ሕይወት የሚተርክ ተከታታይ የራዲዮ ድራማ በጥር 1951 በመላ አገሪቱ ሲጀመር ምግብ ገና በራሽን ነበር። ድራማው በግብርና ሚኒስቴር ምክር እየታገዘ ገበሬው ምርቱን እንዲያሳድግ ታስቦ የተሠራ ነው።

«የመርከበኞች የአየር ትንበያ ክፍተት መሙያ ነበር»

ሰው ያድን ነበር፤ በላይት የተላለፈውም የዚያ ጣቢያ ረጅም ሞገድ ባሕር ላይ ስለሚደርስ ነው።

«የመንግሥት አፍ ነበር»

ከ1927 ጀምሮ በንጉሣዊ ቻርተር የቆመ ተቋም ነው። ማስታወቂያ የለውም፤ ያኔ የሚኖረው አድማጩ ራዲዮ ለመያዝ በየዓመቱ ከሚከፍለው የፈቃድ ገንዘብ ነበር፤ በ1950ዎቹ፣ ከ1946 ጀምሮ በተተመነው መሠረት፣ አንድ ፓውንድ። መንግሥት አይጫነውም ነበር ማለቴ አይደለም። ፓርላማ በ14 ቀን ውስጥ የሚወያይበትን ጉዳይ በራዲዮ መከራከሪያ ማድረግ አይቻልም የሚል ደንብ ለዓመታት አስሮት ነበር። ሆኖም በኅዳር 1956 ብሪታንያ በስዊዝ ቦይ ሳቢያ ግብፅን በወጋችበት በስዊዝ ቀውስ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢደን ለሕዝብ በተናገሩ ማግስት፣ ጦሩ ወደ ግብፅ እየተጓዘ ሳለ፣ የተቃዋሚው መሪ ጌትስኬል መልስ እንዲሰጡ ማይኩን ለቋል። የመንግሥት አፍ እንዲህ አያደርግም።

«ቴሌቪዥን መጣና ወዲያው ገደለው»

የምሽቱን አድማጭ ወስዶበታል፤ ልክ ነው። ቀኑን ግን አልወሰደም፤ ልብስ እየተኮሱ፣ ማሽን ፊት ቆመው ቴሌቪዥን አይታይም። ሙዚክ ኋይል ዩ ወርክና ሃውስዋይቭስ ቾይስ እስከ 1967 ዘልቀዋል። የተዘጉትም ቢቢሲ ጣቢያዎቹን እንደ አዲስ ሲያዋቅር ነው። ሸክላ ሲያዞር የሚውል የቢቢሲ ጣቢያ፣ ሬዲዮ 1፣ የተከፈተው ያኔ መስከረም 30 ቀን ነው፤ ለእሱም ቢሆን የመርፌ ሰዓቱ ገደብ ገና አልተነሣለትም ነበር።