ነባሪ ቅንብር ምንድን ነው?

ስለ ግኖም ዴስክቶፕ (በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ መስኮቶችንና አዝራሮችን ስለሚያሳየው ፕሮግራም) ቅሬታ በተነሣ ቁጥር «ነባሪውን ካልወደድኸው ቀይረው» የሚል መልስ ይሰጣል፤ ሰሞኑን ያነበብሁት አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ ከነጭራሹ የተወገደውን ሁሉ «ነባሪ» ብሎ ስለጠራው ዝም ማለት አልቻልሁም። ነባሪ ማለት ተጠቃሚው ሳይመርጥ ሲቀር ፕሮግራሙ በእርሱ ፈንታ የሚወስደው ምርጫ ነው፤ ስለዚህ አማራጭ በሌለበት ነባሪ የለም።

ቡና አፍይዋ ሳትጠይቅ ሁለት ማንኪያ ስኳር ብትጨምር ይህ ነባሪ ነው፤ «ለእኔ ያለ ስኳር» ማለት ይቻላልና። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ግኖም 3 መስኮትን ማሳነሻና ማስፊያ የሆኑትን አዝራሮች ሲያነሣ ስኳሩን ጓዳ አስገባው እንጂ አልጣለውም፤ ቅንብሩ ውስጥ ውስጡን አለ፣ ዛሬም በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) አንድ የጂሴቲንግስ፣ ማለትም የግኖምን ቅንብር የሚለውጥ፣ ትእዛዝ የጻፈ ሰው ይመልሳቸዋል። እርግጥ የሰው ጓዳ ዘው ብሎ የሚገባ እንግዳ ጥቂት ነው።

በ2012 የሆነው ግን ሌላ ነው። የግኖም ፋይል ማሳያ የሆነው ናውቲለስ በ3.6 ሥሪቱ ሁለት ፎልደሮችን በአንድ መስኮት ጎን ለጎን ያሳይ የነበረውን አሠራር ከነኮዱ አስወገደ፤ ስኳሩ ጓዳም የለም። ሊኑክስ ሚንት የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓት የሚሠሩት ሰዎች የቀድሞውን ኮድ ወስደው ኒሞ የተባለውን የራሳቸውን ፋይል ማሳያ የሠሩት በዚህ ለውጥ ሳቢያ ነው። እዚህ ላይ «ቀይረው» ማለት «ቤትህ ሄደህ አፍላ» እንደ ማለት ነው።

«ኤክስቴንሽን አለ አይደል?» ይሉኛል፤ በግኖም ላይ የሚጨመረውን ትንሽ ፕሮግራም ማለታቸው ነው። ኤክስቴንሽን ስኳሩን የሚጨምረው ስኒው ላይ ሳይሆን ጀበናው ውስጥ ነው፤ የዴስክቶፑን የውስጥ ኮድ በቀጥታ ስለሚነካ፣ በየስድስት ወሩ ጀበናው ሲለወጥ አፉ አልገጥም ሊለው ይችላል። በመስከረም 2023 ግኖም 45 የኮድ አጫጫኑን ሲለውጥ የቀደሙት ኤክስቴንሽኖች ሳይስተካከሉ መሥራት አልቻሉም።

ሶፍትዌር የሚፈትሽ ሰው እንደመሆኔ የአልሚዎቹን ሸክምም አልክድም፤ እያንዳንዳቸው የሚበሩና የሚጠፉ 10 ቅንብሮች 1,024 ጥምረት ይፈጥራሉ፣ ያን ሁሉ የሚፈትሽ የለም። ደግሞም ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት በግኖም ላይ የራሱን ነባሪ ጭኖ አዝራሮቹን ስለሚመልስ፣ እርሱን ብቻ ያየ ሰው «ምን ተነሣ?» ብሎ ሊከራከረኝ አይምጣ።