«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» ለማን ይባላል?

ሰሞኑን አንድ የጽዋ ማኅበር ላይ ተቀምጠን ነበር። ወሬው ዞሮ ዞሮ ልጆች ላይ ደረሰ። አንዲት እናት ተራዋ ሆነና ተጠየቀች። ትልቁ ልጇ ዲያቆን ነው፤ ቅዳሴ አይቀርም። ታናሹ ትምህርቱን ትቷል፤ የት እንደሚያድር እንኳ በቅጡ አታውቅም። ይህን ስትናገር ድምጿ ዝቅ አለ። ይሄኔ አጠገቧ ያለችው ሴት ከንፈሯን መጠጠችና «ምን ይደረግ፣ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር!» አለች። አባባሏ ለማጽናናት አልነበረም። «ምን ብታጎድዪ ነው?» ይመስላል። እናትየዋ አንገቷን ደፋች። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለትልቁ የሆንኩትን ለትንሹ አልሆንኩለትም» አለች።

አባባሉ እንዲህ ሲወረወር መስማት እየተለመደ መጥቷል። ሁለት ወንድማማቾችን ጎን ለጎን አቁሞ አንዱን ለማሳነስ ይባላል። ቲክቶክ ላይ ደግሞ የሰው ልጅ አጠፋ በተባለ ቁጥር ከሥሩ ይጻፋል፤ እናቱንም አብሮ ለመንካት። በጣም ያሳዝነኛል። እኔ ባደግሁበት ቤት ይህ ቃል ይወጣ የነበረው የወደቀች እናትን ለማንሣት ነበር።

ያደግሁት መንዝ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ኑሯችን ገብስና በግ ነው። የመንዝ በግ ፀጉሩ ረጅምና ሻካራ ነው። ይሸለታል፣ ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ከዚያ ሸማኔ ዘንድ ይሄዳል። ባና ይሆናል፣ በርኖስም ይሆናል። ሌሊቱን የሚያሳድረን እሱ ነበር። ቀለሙስ? አብዛኛው ጥቁር ወይም ቡናማ ነው፤ ግን ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት አለ፣ እግሩ ብቻ የነጣ አለ፣ መላ አካሉ የተጠቃቀሰም አለ። ድፍን ጥቁር በግ ነጭ ጣል ጣል ያለበት ግልገል ትወልዳለች። የተጠቃቀሰችዋ ደግሞ ድፍን ቡናማ ታመጣለች። ከዓመት ዓመት ከአንዷ በግ የሚወጣው አይመሳሰልም። ለእኛ ለልጆች ትልቁ ጨዋታ «ዘንድሮ ምን ዓይነት ትወልድ ይሆን?» ብሎ መገመት ነበር። ማንም አግኝቶት አያውቅም።

በተለይ የምሽቱ ነገር ከዓይኔ አይጠፋም። ግልገሎቹ ገና ጨቅላ ሳሉ ከመንጋው ጋር ሩቅ አይሄዱም፤ ቤት ይውላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እኛ ገሳችንን ደርበን በጎቹን እየነዳን ስንመለስ፣ ግልገሎቹ ከሩቅ ሰምተው ይጮሃሉ። እናቶቹም ይመልሳሉ። በሩ ሲከፈት ግርግሩ አይጣል ነው! አንዱ ከአንዱ ሥር ይገባል፣ ይሳሳታል፣ ተገፍቶ ይወጣል። እያንዳንዷ እናት ጎንበስ ብላ ታሸታለች፤ የራሷን በጠረኑ ትለየዋለች፣ ታጠባዋለች። ግልገሉ ቀለሙ እኔን አይመስልም ብላ የገፋች በግ አላየሁም።

የምትገፋ አትጠፋም፤ ግን በሌላ ምክንያት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደች፣ ምጥ የጸናባት ወይም የከሳች በግ አንዳንዴ ልጇን እንቢ ትላለች። እኛ ልጆች ታናድደናለች፤ በሽመል ልንላት እንቃጣለን። አያቴ ግን ትቆጣናለች። ግልገሉን ጨው ነገር ትቀባዋለች፣ እናቲቱ እንድትልሰው። ሁለቱን ለብቻቸው ጥግ ታስጠጋቸዋለች። ከዚያ ለበጓ ገብስ ቆንጠር አድርጋ በእጇ ታበላታለች። «እሷም እኮ ሰው ትፈልጋለች» ትላለች። አሁን ሳስበው፣ ስለ እናትነት ከሰማሁት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

አባባሉንም ከእሷ ነው የሰማሁት። የጎረቤት ሴቶች ልጅ ሲያስቸግራቸው እሷ ዘንድ እየመጡ ያለቅሱ ነበር። አያቴ እንዝርቷን ሳታስቀምጥ ትሰማለች። ሰምታ ሰምታ «ተይ እንግዲህ፤ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ቀለሙን አንቺ አልቀባሽው» ትላለች። ሴትየዋ እንባዋን ትጠርጋለች፤ ቡናው ይቀጥላል።

እንግዲህ ከየት መጣ? አንዳንድ ሴቶች ከወሊድ በኋላ በሆድ ቆዳ ላይ ከሚቀረው መስመር ነው ይላሉ። የወለደች ሁሉ ታውቀዋለች። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ አባባሉ የሚናገረው ግን ስለ ልጆቹ መለያየት ስለሆነ ብዙ አያስኬድም። የእኔ እምነት ሌላ ነው። ይህ አባባል የእረኛ አባባል ነው፤ እረኛው ደግሞ ኦሪት ዘፍጥረትን ቤተ ክርስቲያን ቆሞ የሰማ እረኛ ነው። ማስረጃ አምጪ ብትሉኝ በጎቹንና መጽሐፉን ነው የማሳያችሁ።

ዘፍጥረት ምዕራፍ 30ን አውጡት። ያዕቆብ የአማቱን የላባን መንጋ ይጠብቃል። ደመወዙ ዝንጉርጉርና ነቁጣ ያለባቸው በጎችና ፍየሎች እንዲሆኑ ተስማሙ። ላባ ግን በዚያው ቀን እንዲህ ያሉትን ለይቶ ለልጆቹ ሰጠና የሦስት ቀን መንገድ አራቃቸው። ያዕቆብ ምን አደረገ? ከልብን፣ ከለውዝና ከኤርሞን እንጨት በትር ቆረጠ። ልጣጩን እየላጠ ነጭ ሽንትር አወጣበት። ከዚያ መንጋው በሚጠጣበት ገንዳ ፊት አቆመው። በጎቹ እያዩት ፀነሱ፤ ዝንጉርጉርም ወለዱ።

አብዛኛው ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይተወዋል። እስከ ምዕራፍ 31 መሄድ አለበት። እዚያ ያዕቆብ ሚስቶቹን፣ የላባን ልጆች ራሔልንና ልያን ወደ ሜዳ አስጠርቶ ሲያወራቸው ስለ በትሩ አንዲት ቃል አይተነፍስም። እግዚአብሔር የአባታችሁን መንጋ ወስዶ ለእኔ ሰጠኝ ነው የሚላቸው። ያን ሁሉ በትር የላጠ ሰው!

እኛ እናቶች በትር ስንልጥ ነው የምንውለው። ሰንበት ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ማታ ጸሎት ማስደገም፣ ስልክ መቀማት፣ ጓደኛ መምረጥ፣ መቆጣት፣ በመቆጣታችን መጸጸት። ይህ መደረግ አለበት፤ ያዕቆብም አልተቀመጠም። ግን ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቁጭ ብለን የልጣጩን መስመር እንቆጥራለን። ይህኛው የተበላሸው እዚህ ጋ ስላልላጥኩ ነው እንላለን። እኔም በዚህ ሰዓት ስንት ሌሊት ተገላብጫለሁ።

መጽሐፉ ራሱ እናቶችን እንዲህ አይመዝንም። የያዕቆብን እናት ርብቃን ውሰዱ። በአንድ እርግዝና፣ በአንድ ሆድ ውስጥ ሁለት ልጆች ይገፋፉ ነበር። አንዱ ቀይና ጠጉራም ሆኖ ወጣ፤ ሌላው ተረከዙን ይዞ ተከተለው። አንዱ አዳኝ፣ አንዱ ድንኳን ወዳጅ። ከዚህ በላይ ዥንጉርጉር ከየት ይመጣል? የነቢዩ የሳሙኤልን ቤትም እዩ። እናቱ ሐና በጸሎት ለምና ወለደችው፣ ለእግዚአብሔር ሰጠችው፣ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። የሳሙኤል ልጆች ግን ጉቦ ተቀበሉ፤ በአባታቸው መንገድ አልሄዱም። በዚህ ሐናን የሚወቅስ ቃል የለም።

ጸጋ የሚባለውን ነገር እዚህ ጋ ነው የማገኘው። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋውን መውጊያ እንዲያነሣለት ሦስት ጊዜ ለመነ። አልተነሣለትም። «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። አልበቃሁም የምትል እናትም እንዲሁ ናት፤ ጉድለቷ ሳይነሣላት ልጅ ታሳድጋለች። ደግሞ ያው ያዕቆብ፣ ቆይቶ ከመንትያ ወንድሙ ከዔሳው ጋር ሲታረቅ፣ ዔሳው አብረን እንሂድ ቢለው እንቢ አለ። ልጆቹ ደካሞች ናቸው፣ የሚያጠቡም በጎችና ላሞች አሉኝ፣ አንድ ቀን ቢያቻኩሏቸው መንጋው ሁሉ ያልቃል፣ እኔ በእነሱ እርምጃ ቀስ ብዬ እመጣለሁ አለ። ኢሳይያስም ስለ እግዚአብሔር ሲናገር «የሚያጠቡትንም በቀስታ ይመራል» ይላል። የምታጠባ በግ የነዳ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ያውቃል። ወደ ኋላ ብትቀር አትመታም፤ መንጋው ይጠብቃታል።

አሁን ወደ አነጋገራችን። ሰውን ከእናቱ ጋር አያይዞ መመዘን ለፈለገ አማርኛ አልነሣውም፤ «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» አለለት። ያኛው ልጅን በእናት ይመዝናል። ይህኛው ግን እናትን ከልጇ ሚዛን ላይ ያወርዳታል። ሁለቱን አናምታታ። የወጣቶቹስ እሺ፣ ከእረኝነት ርቀዋል። በማኅበር ተቀምጠን ዳቦ የምንቆርስ ትልልቅ ሴቶች ግን ከንፈር መጣጩን ትተን አባባሉን በቦታው ልናውለው ይገባል። ለእናቲቱ ነው የሚባለው፤ ዓይን ዓይኗን እያዩ፣ ሙሉውን። ካሉ በኋላም ልጁ የት እንደሚያድር አብሮ መጠየቅ፣ ስልኩን ተቀብሎ መደወል፣ ለበዓል ጠርቶ ማብላት አለ። አያቴ ብትሆን እንዲያ ነበር የምታደርገው።